በውል የተያዘች በቅሎ

በቅሎ የቸገረው አንድ ሰው ነበረ።

ስለ መኪናህ ጠይቀኸኝ እኔ ከበቅሎ መጀመሬ ሊያናድድህ ይችላል፤ ታገሠኝ። ውሉ አልቋል፤ ወይ ቀሪውን ከፍለህ መኪናውን የራስህ ታደርገዋለህ፣ ወይ ቁልፉን መልሰህ በእግርህ ትሄዳለህ። «የቱ ይሻለኛል ጋሼ?» ነው ያልኸኝ። እኔ መኪና ነድቼ አላውቅም፤ ሞተሩን ክፈት ብትለኝ በየት በኩል እንደሚከፈትም አላውቅም። የዚህን ሰው ነገር ግን አውቃለሁ። ሻይህን እየጠጣህ ስማኝ።

ሰውዬው ገበሬ ነበረ። ሰነፍ አልነበረም፣ ክፉም አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ ኋላ ላይ እንዳትረግመው ብዬ ነው። ቤቱ አንድ ትልቅ ገደል አፋፍ ላይ ነበር፤ ሚስቱ የተወለደችው ደግሞ ከገደሉ ማዶ ነው። ጠዋት ጠዋት ሰማዩ ሲጠራ በራፏ ላይ ቆማ የእናቷን ቤት ጭስ ታየዋለች። ጮክ ብለው ቢጣሩ የሚሰማ ይመስላል። መንገዱ ግን ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ እንደገና ሽቅብ የሚወጣ፣ ጤነኛ ሰው እንኳ ከጎህ እስከ ማታ የሚለፋበት ነው። እሷ ደግሞ ጤነኛ እግር አልነበራትም። ባገባች በመጀመሪያው ዓመት ወድቃ ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ፤ ወጌሻው ቢያሸውም ሳይቃና ገጠመ። ሜዳ ላይ እንደ ምንም ብላ እያነከሰች ትሄዳለች፤ ቁልቁለትና አቀበት ግን አይሆንላትም። እናቷም አርጅታ ጉልበቷ ከድቷታል። እናም እናትና ልጅ በጭስ ብቻ ይተያዩ ነበር።

«በቅሎ ብንዋስስ?» አለችው አንድ ቀን።

የሰውዬው ፊት ጠቆረ። ምክንያት ነበረው። ሊያገባት በሄደ ጊዜ ሚዜዎቹ ሁሉ በውሰት በቅሎ ነበር የሄዱት፤ እሱም ጭምር። ይህ በዚያ አገር ነውር አይደለም፤ ደሀ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ነገር ግን የሚስቱ አጎት ጠጁ ሞቅ ሲያደርገው፣ ዳሱን የሞላው ሰው እየሰማ፣ «ለመሆኑ ከዚህ ሁሉ የሙሽራው የራሱ የሆነው የትኛው ነው? ሱሪው ነው?» አለ። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ሙሽራውም አብሮ ሳቀ፤ ምን ያድርግ? በልቡ ግን በዚያች ቀን ማለ፤ ሁለተኛ ማዶ በሰው በቅሎ አልሄድም አለ።

ስለዚህ ለሚስቱ፣ «አንዋስም። የራሳችን በቅሎ ትኖረናለች፤ ያን ጊዜ ቀና ብለን እንሄዳለን» ብሎ መለሰላት።

በዚያ አገር በቅሎ የሚያረባ አንድ ባለጸጋ ነበረ። ሙሉ ዋጋዋን በአንድ ጊዜ መክፈል ለማይችል ሰው በውል ይሰጥ ነበር። ውሉ እንዲህ ነው። ሰውዬው በቅሎዋን አራት ክረምት ይዞ ይገለገልባታል፤ በየዓመቱ አውድማ ሲነሣ እህል ይሰፍራል። አራተኛው ክረምት ሲወጣ ሁለት መንገድ አለው፤ አንድ ወይፈን ጨምሮ የራሱ ያደርጋታል፣ ወይም ይመልሳትና በሰላም ይለያያሉ። እስከዚያ ድረስ ግን በቅሎዋ የባለጸጋው ናት። ቀኝ ጆሮዋ ጫፉ ላይ ተበጥቷል፤ ይህ የባለጸጋው ምልክት ነው፤ ከሩቅ ያየ ሁሉ የማን እንደሆነች ያውቃል።

ባለጸጋው አንዲት ዳማ በቅሎ ሰጠው። ወጣት ናት፣ ዓይኗ ንቁ ነው። በሽማግሌዎች ፊት ሲያስረክበው አንገቷን እየዳበሰ እንዲህ አለው፤

«ይህች ሰጋር ናት። ውሃ የሞላ ዋንጫ ይዘህ ብትቀመጥባት ጠብታ አይፈስስህም። ለኮርቻ ነው ያሳደግኋት። ጭነት ጨርሶ አትጫን አልልህም፤ ግን ተቀመጥባት። ካልተቀመጡባት መስገሯን ትረሳዋለች።»

«እሺ ጌታዬ፣ እንደ ዓይኔ ነው የምይዛት» አለ ሰውዬው።

እንደ ዓይኔ አለ፤ ቤቱ ባስገባት ማግስት ግን ጤፍ ጫነባት። ለምን መሰለህ? በየዓመቱ የሚሰፈረው እህል ከራሱ ማሳ አይወጣም። ስለዚህ የነጋዴ ጭነት ወደ ገበያ እያመላለሰ ኪራይ መቀበል ነበረበት። ይህስ ይሁን፤ መክፈል ያለበት ሰው ይሠራል፤ እኔም አንተም እንሠራለን። የማይገባኝ ሌላው ነው። ገበያ በማይኖርበት ቀን፣ በቅሎዋ ሜዳ ላይ ስትግጥ በምትውልበት ቀን እንኳ አንድም ጊዜ አልተቀመጠባትም። ጀርባዋ ላይ ለጭነቱ የሚያነጥፈው ያረጀ ጆንያ ነበር። ሚስቱ፣ «ደበሎ እናንጥፍላት፤ ጆንያው ይልጣታል» ስትለው፣

«የእኛ ትሁን እንጂ፣ ደበሎ አይደለም ባለ ጥልፍ ግላስ ነው የማለብሳት» ይላል።

ሰኮናዋ ሲሰነጠቅ፣ የእኛ ስትሆን እናሳክማታለን። ጋጣዋ በክረምት ሲያፈስ፣ የእኛ ስትሆን ክዳኑን እናድሰዋለን። ገብስ ማብላት ሲገባው ገለባ ያቀርብላትና፣ «አሁን ገብስ ባበላት እኮ የምቀልበው ለባለጸጋው ነው» ይላል። ሞኝ አይደለም፤ ሒሳቡን ስታየው ልክ ይመስላል። ነገ ልትመለስ ለምትችል የሰው ከብት ማን ገብስ ያበላል?

በመጀመሪያው ዓመት በቅሎዋ ገና ጨዋታ ነበራት። ከገበያ ሲመለሱ ጭነቱ ስለሚራገፍ ባዶዋን ናት፤ ሜዳው ላይ ሲደርሱ ሳትታዘዝ መስገር ትጀምራለች። ሰውዬው ገመዱን እያረዘመ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ከኋላዋ ይሮጣል። አንድ ቀን አንድ መንገደኛ ቄስ ይህን አይተው ቆሙ።

«አንተ ሰው፣ አንተ ነህ እሷን የምትሸኛት ወይስ እሷ ናት አንተን?» አሉት።

«ገና የእኔ አይደለችም አባቴ» አላቸው እያለከለከ።

«እግሩስ የማን ነው?» ብለው ስቀው አለፉ።

እሱም ሳቀ። ግን አልተቀመጠባትም። የመጀመሪያውን ቀን የሰው ምልክት ባለባት በቅሎ ላይ ማባከን አልፈለገም፤ በራሱ በቅሎ ላይ በራሱ ኮርቻ ተቀምጦ ሊጀምረው ነው የፈለገው። በቅሎዋም ከጊዜ በኋላ ሜዳው ላይ ስትደርስ መስገሯን ተወችው። ሰውዬው ይህን ልብ አላለውም፤ እንዲያውም መሮጥ ስለቀረለት ሳይሻለው አልቀረም።

ሚስቱን ያስጨነቃት ግን ገብሱም መስገሩም አልነበረም።

ከማዶ ወደ ገበያ የሚመጡ ሰዎች የእናቷን መልእክት ያመጡላታል። አንድ ጊዜ በቅል ቅቤ፣ አንድ ጊዜ እናቷ በእጇ የፈተለችው ፈትል። «ለነጠላ ይሁናት ብለዋል» ይሏታል። ጥያቄው ሁልጊዜ ያው ነው፤ እግሯ እንዴት ሆነላት? መቼ ትመጣለች? ሴትየዋ ፈትሉን ፊቷ ላይ ታደርገዋለች። ከዚያ ደጅ የታሰረችውን በቅሎ ታያለች፣ ከዚያ ባሏን ታያለች። ባሏም ሥራ እንዳለበት ሰው ተነሥቶ ይወጣል።

በሁለተኛው ዓመት፣ መስከረም ላይ፣ «እናትሽ ታመዋል» የሚል ወሬ መጣ። ሴትየዋ መቀነቷን አጥብቃ ተነሣች።

«እንግዲህ ዛሬስ አትከልክለኝ» አለችው። «በቅሎዋ ይችው ቆማለች፤ ጭነትም የለባት። አንተ የምታፍር ከሆነ እዚህ ቅር። እኔ ከጎረቤት ሰው ጋር እሄዳለሁ።»

«ጆሮዋን እያዩ? ዛሬም በሰው በቅሎ ናቸው እንዲሉኝ?»

«ጆሮዋን በሻሽ እሸፍነዋለሁ።»

«ያን ጊዜማ ሌባ ነው ይሉኛል!»

ሴትየዋ ሳቀች፤ እያለቀሰች ሳቀች። እሱ ሳቋን ሲያይ ነገሩ የበረደ መሰለውና በቅሎዋን ፈትቶ ወደ ሜዳ አወጣት። በሳምንቱ እናቷ ተሽሏታል የሚል ወሬ መጣ።

«አላልሁሽም? ይኸው ተነሡ» አላት ደስ ብሎት። «የቀረን ትንሽ ጊዜ ነው። እናትሽ እንደሆኑ የትም አይሄዱም።»

ሰው አንድ ጊዜ ነገሩ ሲሳካለት የሚሳሳተው እንዲህ ነው። እናትየዋ መዳኗ ደግ ነበር፤ ለእሱ ግን መጥፎ ትምህርት ሆነው። ከዚያ በኋላ ሚስቱ አልጠየቀችውም፤ እሱም ዝምታዋን ስምምነት አደረገው።

እንዲያውም በልቡ ደስተኛ ነበር። የሚያስበውን ቀን ብታይለት ኖሮ! አራተኛው ክረምት ወጥቶ መስኩ ሁሉ አደይ ሲለብስ፣ ሚስቱን ግላስ በለበሰች በቅሎ ላይ አስቀምጦ፣ ራሱ ልጓም ይዞ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ ማዶ ሲገባ፤ ያ አጎቷ ደጁ ላይ ቆሞ የሚናገረው ሲጠፋው። ይህን እያሰበ በጭነት መንገድ ላይ ብቻውን ፈገግ ይል ነበር። ለሚስቱ ያዘጋጀላት ትልቅ ስጦታ ነበር። እሷ የምትፈልገው ትንሹን እንደሆነ አልገባውም።

አራተኛው ክረምት ወጣ። ባለጸጋው ሰው ላከበት፤ «ውላችን አልቋል። ትወስዳታለህ ወይስ ትመልሳታለህ? ወስነህ ና» አለው።

ያን ጊዜ ሰውዬው ልክ እንደ አንተ ጨነቀው። ያገኘውን ሁሉ መጠየቅ ጀመረ። አንዱ ጎረቤት፣ «መልሳት! ያለቀላት በቅሎ ናት። ወይፈንህን ይዘህ ቅርና ሌላ ወጣት በቅሎ በአዲስ ውል ያዝ» አለው። ሌላው ደግሞ፣ «ይህን ሁሉ ዓመት እህልህን ያፈሰስህባትን ለሰው ትተዋለህ? የቀረህ አንድ ወይፈን ነው፤ ጨምርና ውሰዳት» አለው። ሁለቱም እውነት ይመስላል። ሁለቱም ግን በቅሎዋን ቀርበው አላዩአትም። ሚስቱን አልጠየቃትም፤ ለእሷ ብሎ የጀመረው ነገር ስለሆነ መልሷን የሚያውቀው መስሎት ነበር።

በዚያ ሳምንት ሰውዬው በቅሎዋን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ገዢ አያት። እስከዚያ ድረስ እንደ ጫኝ ነበር የሚያያት፤ ገዢ የሚያየው ሌላ ነው። ከጋጣ አወጣትና አፏን ከፈተ። ሰኮናዋን አንሥቶ በጣቱ መታ መታ አደረገ። ጆንያውን ከጀርባዋ ላይ ገለጠ። ሁለት ቦታ ተገጥባለች፤ አንዱ ቁስል ደርቋል፣ አንዱ ገና ይረጥባል። እጁን ሲያስጠጋ ቆዳዋ ተንቀጠቀጠ። ገመዷን ይዞ አራመዳት፤ ያ መስገር የለም። አንገቷን ደፍታ፣ እግሯን እየጎተተች ትሄዳለች። እንዲህ ያለች በቅሎ ሌላ ሰው ገበያ ቢያወጣ ኖሮ ይህ ገበሬ ራሱ፣ «ምን ዓይነት ግፈኛ ነው እንዲህ ያደረጋት?» ብሎ ሻጩን በሰደበው ነበር። ዙሪያውን ተመለከተ። የሚሰደብ ሰው አጣ።

እንደዚያው ሆና ወደ ባለጸጋው ይዟት ሄደ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበዋል። ባለጸጋው በቅሎዋን ዞሮ ዞሮ አያት፤ ጀርባዋን ዳበሰ። ከዚያ፣

«መስገሯስ? ደስ አሰኘህ?» አለው።

«አላውቀውም ጌታዬ» አለ ሰውዬው። «ተቀምጬባት አላውቅም።»

«አንድ ቀንም?»

«አንድ ቀንም። የእኔ እስክትሆን ብዬ ነው።»

ባለጸጋው ቢቆጣ ይሻለው ነበር። እሱ ግን አዘነለት።

«የእኔ ነበረች እንዴ ታዲያ?» አለው። «እኔ እኮ ከሰጠሁህ ወዲህ ዛሬ ገና ነው የማያት። ውላ የምትገባው አንተ ቤት፣ ድምፅህን ሰምታ ጆሮዋን የምታቆመው ለአንተ። የእኔ የነበረው ምልክቱ ብቻ ነው።»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያዩ ጀመር። ባለጸጋው ቀጠለ፤ «ሽማግሌ ፊት የተነጋገርነውን አላጥፍም፤ ወይፈኑን ከሰጠኸኝ ያንተ ናት። ምክሬን ከሰማህ ግን መልሳት። አልቀየምህም። መስክ ላይ ለቅቄ አሳርፋታለሁ። አንተም ወይፈንህ ይቀርልሃል፤ ለእርሻህ ያስፈልግሃል።»

ቅን ምክር ነበር። ሰውዬው ግን ሊሰማው አልቻለም። ቢመልሳት እነዚያ ሁሉ ዓመታት ለምን እንደነበሩ ለሚስቱ ምን ብሎ ይነግራታል? በራፏ ላይ ቆማ ያሳለፈቻቸውን ጠዋቶች በምን ይክሳታል? በቅሎዋን ከገዛ ዓመታቱም አብረው የሚመለሱለት መሰለው። «እወስዳታለሁ» አለ። ወይፈኑን አስረከበ፣ ሽማግሌዎቹ መረቁት፣ በቅሎዋ የራሱ ሆነች።

ቤቱ ሲደርስ ከደጅ ሚስቱን ጠራት። «ነይ ውጪ! ይኸው፣ የእኛ ናት!»

ወጥታ አየቻት። «ጆሮዋ እኮ ያው ነው» አለችው። በቀስታ ነው ያለችው፤ ልታበሽቀው ብላ አልነበረም። እውነትም ምልክቱ እዚያው ነበር። የሽማግሌዎቹ ምርቃት የበቅሎዋን ጆሮ አልገጠመውም። ሰውዬው ይህን አንድ ቀን አስቦት አያውቅም ነበር።

ቢሆንም ኮርቻ ተዋሰ። አዎ፣ ተዋሰ፤ ለኮርቻ የሚሆን አልተረፈውም፣ ግላሱማ ከየት ይመጣል? በበነጋው ማለዳ የሚስቱን ወፍራም ጋቢ አጥፎ በጀርባዋ ላይ አነጠፈና ኮርቻውን ጫነ። ሚስቱ ንጹሕ ቀሚሷን ለብሳ፣ እናቷ በላከችላት ፈትል ያሠራችውን ነጠላ አጣፍታ ወጣች። አቅፎ አነሣትና ኮርቻው ላይ አስቀመጣት። በቅሎዋ ወገቧን ወደ ታች ሰበረች። እግሮቿ ተብረከረኩ፤ አንድ እርምጃ ሳትሄድ ቆመች። ሰውዬው ልጓሙን ሳበ። በቅሎዋ ዓይኗን ጨፈነች።

«አውርደኝ» አለች ሚስቱ። «ቁስሏ ላይ ነው የተቀመጥሁት። አውርደኝ፣ በሞቴ።»

አወረዳት። ተመልሶ ቤት መግባት ይቻል ነበር። ሴትየዋ ግን አንድ ጊዜ ለመንገድ ወጥታለችና አልተመለሰችም፤ ዱላ አንሥታ እያነከሰች ወደ ቁልቁለቱ ሄደች። ሰውዬውም በቅሎዋን እየሳበ ተከተላት።

ቁልቁለቱን እያረፈች፣ ሲብስባትም ተቀምጣ እየተንፏቀቀች ወረደችው። ወንዙ ጋ ስትደርስ እግሯ አብጦ ቁርጭምጭሚቷ አይለይም ነበር። እግሯን ውሃው ውስጥ ነክራ ከፊቷ የቆመውን አቀበት ቀና ብላ አየች። ሰውዬው እሷን አየ፣ አቀበቱን አየ። ከዚያ የበቅሎዋን ገመድ ለቀቀና ጀርባውን ለሚስቱ ሰጥቶ በርከክ አለ።

«ነይ ልዘልሽ» አላት።

«አብደሃል? ሰው ያየናል እኮ።»

«ይየን።»

አዘላት። ቀላል ነበረች። ዕድሜውን ጆንያ ሲያነሣና ሲያወርድ የኖረ ሰው ነው፤ ሚስቱ ከአንድ ጆንያ እህል አትከብድም ነበር። እያረፈ፣ እየተነሣ፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ሽቅብ ወጣ። በቅሎዋም ባዶ ኮርቻዋን እንደያዘች፣ ማንም ሳይጎትታት፣ ከኋላ ከኋላ ተከተለቻቸው። አቀበቱ መካከል ላይ ሰውዬው ማልቀስ ጀመረ። ሚስቱ የደከመው መስሏት «አውርደኝ፣ በቃህ» ትለዋለች። የሚያስለቅሰው ግን ድካም አልነበረም። በመጀመሪያው ዓመት ሊያዝላት ይችል ነበር። በሁለተኛውም ይችል ነበር። እናቷ በታመመችበት በዚያ ሳምንት፣ በቅሎ የሚባል ነገር በዓለም ላይ ባይኖር እንኳ፣ ይችል ነበር። ጀርባው ሁልጊዜም የራሱ ነበር።

ማዶ የደረሱት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ሰዎች ከየቤቱ ወጥተው፣ ግማሾቹ እልል እያሉ፣ ግማሾቹ እያለቀሱ ሴትየዋን አቀፏት። አጎቷም እጁን ዘርግቶ «እንኳን ደህና መጣችሁ» አለ፤ ከዚያ ሌላ የተናገረው የለም። በቅሎዋን ልብ ብሎ ያያት አልነበረም።

እናትየዋ ደጃፏ ላይ፣ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ልጅቱ እያነከሰች ሄዳ እግሯ ሥር ወደቀችና ጉልበቷን ሳመች። አሮጊቷ ራሷን ደባበሰችላት። ዓይኗ ያያል፤ የሚያየውን ግን አያውቀውም። ካለፈው ጾም ወዲህ እንዲህ ሆናለች አሉ ጎረቤቶቹ። ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ያመማት ነገር የለም፤ ሰው መለየት ግን ትታለች። ይህን ደግሞ ማን በመልእክት ይልካል? «ደህና ናቸው» እያሉ ነበር የሚልኩት።

«እሰይ፣ እንግዳ መጣልኝ!» አለች አሮጊቷ። «ከወዲያ ማዶ ናችሁ?»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ» አለቻት ልጇ። «እኔ እኮ ነኝ።»

«ደግ አደረግሽ ልጄ። ከማዶ ከሆንሽማ ልጄን ታውቂያታለሽ። እዚያ ነው ያለችው፤ ጭሷን አየዋለሁ። ስትመለሺ አንድ ነገር ንገሪልኝ። እግሯን ያማታል፣ በእግሯ እንዳትመጣ። በቅሎ ፈልጋ ትቀመጥ፤ በቅሎ ቢጠፋ አህያ ላይ ትቀመጥ። የማንም ይሁን። ብቻ ቶሎ ትምጣ።»

ልጅቱ የእናቷን እጅ ያዘች። «እሺ፣ እነግራታለሁ» አለች። ሌላ ምን ትበል?

ሰውዬው አጥሩ ጋ ቆሞ ይህን ሁሉ ሰማ። መግባትም፣ መሄድም አቃተው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገርህ። ሚስቱ እናቷን እያጠበች፣ እያጎረሰች፣ «እንግዳዬ» እየተባለች እዚያው ከረመች። ሰውዬው በቅሎዋን ይዞ ተመለሰ። ዳግመኛ አልጫነባትም፤ ገብስ አበላት፣ ቁስሏን አጠበላት፣ ጋጣዋን ከደነላት። ጀርባዋ ዳነ፤ መስገሯ ግን አልተመለሰም። ወይፈኑ በሌለበት በዚያ ዓመት ማሳውን የሰው በሬ እየለመነ አረሰ።

እንግዲህ ይኸው ነው፤ «ጥፋቱ መግዛቱ ነው» ብለህ እንዳትሄድ። ቢመልሳትም ከዚያ ጸጸት አይድንም ነበር። ጥፋቱ የተሠራው ውሉ ባለቀ ቀን አይደለም፤ ውሉ ሲሄድ ነው። በቅሎዋ ብርቱ የነበረችበትን ጊዜ ሁሉ «የሰው ናት» ብሎ አሳለፈውና የእሱ ስትሆን ድካሟ ደረሰው። በቅሎዋ መኪናህ ናት። ባለጸጋው መኪናውን የሰጠህ ድርጅት ነው። ጆሮዋ ላይ ያለው ምልክት ሊብሬው ላይ የተጻፈው ስም ነው። ሰውዬውን ደግሞ አንተ ታውቀዋለህ።

ባለፈው ለቅሶ ስትወስደኝ ከኋላ ነበር የተቀመጥሁት። ወንበሩ ላይ ከፋብሪካ የመጣው ላስቲክ እስከ ዛሬ አልተነቀለም፤ በተንቀሳቀስሁ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። «ለምን አትነቅለውም?» ብልህ «ገና የእኔ አይደለም ጋሼ» አልኸኝ። ሚስትህም ነግራኛለች፤ ውሉ ላይ የተጻፈው ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ ብለህ ሥራ በሌለ ቀን መኪናው ሸራ ለብሶ ግቢ ይውላል። አባትህ ፍቼ ሆነው የልጅ ልጆቻቸውን ይጠብቃሉ። አንተ ደግሞ፣ «መኪናው የራሴ ሲሆን ይዤያቸው እመጣለሁ» ብለሃቸዋል። ይህን እሳቸው ናቸው የነገሩኝ፤ ቅር ብሏቸው አልነበረም፣ ኮርተውብህ ነው የነገሩኝ። እኔ ግን በዚያ ቀን አዘንሁ።

መግዛቱን በተመለከተ፣ ሞተሩን መካኒክ ይየው፤ አቅማችሁን ከሚስትህ ጋር ተመካከሩበት። ከሆነላችሁ ግዙት፤ ካልሆነላችሁ መልሱት፤ በሁለቱም ነውር የለበትም። ያለፈውን ዘመን ይመልስልኛል ብለህ ግን አትግዛው፤ አይመልስም።

መልስህን የሚፈልጉት ሰኞ ነው ብለኸኛል። ዛሬ ገና ቅዳሜ ጠዋት ነው። ላስቲኩን ንቀልና ልጆቹን ጭነህ ፍቼ ሂድ። አባትህ እስካሁን በስምህ ይጠሩሃል።